የመብረቅ ጥድፊያና የባሌ ዝምታ

ባሌ ጎሚስታ ነው። ወንድሜም ጎሚስታ ነው። እኔ ደግሞ በሁለቱ መሃል የመኪና ወንበር ልብስ እየሰፋሁ የምኖር ሴት ነኝ። ስለዚህ ስለ ጎማም ሆነ ስለ ቅናት የምትሰሙ ከሆነ ከኔ ስሙ።

የስፌት መኪናዬ የተቀመጠችው ከባሌ ሱቅ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። መስኮቴ ወደ መንገዱ ይከፈታል፤ ከመንገዱ ማዶ የወንድሜ ሱቅ አለ። ክር ነክሼ ቀና ባልኩ ቁጥር የሚታየኝ እሱ ነው፤ ዞር ስል ደግሞ ባሌ እሱን ሲያይ አያለሁ።

ባሌን የሰፈሩ ሾፌር ሁሉ «ጋሽ ቀስ» ይለዋል። ጎማ ሲያስር ቸርኬው የሚያርፍበትን ቦታ በብሩሽ ይጠርጋል፣ ብሎኖቹን መጀመሪያ በእጁ ያስገባል፣ ከዚያ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች እያለ ያጠብቃል። መኪናዋን ከክሪክ ካወረደ በኋላ እንደገና ያጠብቃቸዋል። በዚህም አይበቃው፤ «ትንሽ ነድተህ ተመለስና ልይልህ» ይላል። ሰው እንዲህ ሲባል ደስ አይለውም። «ጋሼ፣ ጎማ እኮ ነው፤ ልጅ እየዳርክ ነው እንዴ?» ብለው ይቀልዱበታል።

ወንድሜን ደግሞ «መብረቅ» ነው የሚሉት። ስሙን ያገኘው በሥራው ነው፤ መኪና ቆመ ስትሉ ሄደ። ሙያውን የለመደው ከባሌ እጅ ነው። ጥቂት ዓመት አብሮት ሠራና «ጋሼ፣ ራሴን ልቻል» አለው። ባሌም መረቀው። የመረቀው ግን ሩቅ ሰፈር የሚከፍት መስሎት ነበር። ፊት ለፊቱ ሲከፍትበት ምርቃቱን መልሶ መዋጥ አማረው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅናት ቤታችን ገብቶ ተደላድሎ ተቀመጠ። ማዶ መኪና በቆመ ቁጥር ባሌ አንገቱን ያሰግጋል። የወንድሜ ኮምፕሬሰር ሲጮህ የባሌ ጥርስ ይንቀጫቀጫል። ምሳ ለሁለቱም የማቀርበው እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን «የወንድምሽ ሳህን ሞላ ብሏል» አለኝ። «ከአንድ ድስት ነው የወጣው» ስለው «ድስቱስ አንድ ነው፣ ጭልፋው ነው ያዳላው» አለኝ። ይታያችሁ፣ ይህን የሚለው ሽበት የወረሰው ሰው ነው። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ከራሴ ሳህን ጨመርኩለት።

እውነቱን ለመናገር አንጀቱ ያረረው በከንቱ አልነበረም። ደንበኞቹ አንድ በአንድ እየተሻገሩ ነበር። ሰው ሁሉ ጥድፊያ ላይ ነው። ቤተሰቡን ጭኖ የሚሽከረከረውን ነገር እያሳሰረ መሆኑን ይረሳና እንደ ጫማ ጠረጋ በቁሙ እንዲያልቅለት ይፈልጋል። ወንድሜም ይህን አውቆ ነው የሚጣደፈው። በብረት ሌቫ ጎማውን ከቸርኬው ሲፈለቅቅ አይቼ ስንት ጊዜ ገስጬዋለሁ።

«ጨርቅ ጣል አድርግበት እንጂ! የሰው ንብረት እኮ ነው።»

«እትዬ፣ ደንበኛ በጭረት አይሸሽም፤ ስታቆዪው ነው የሚሸሸው» ይለኛል። በአፉ አይቻልም።

አንድ ጠዋት ባለፋርማሲዋ መጣች። ከመንገዱ ጥግ ያለው ፋርማሲ የሷ ነው፤ ለዓመታትም የባሌ ደንበኛ ነበረች። አራቱንም ጎማ በአዲስ ልታስቀይር ነው። መኪናዋ አሮጌ ብትሆንም ቸርኬዎቹን እንደ ጌጥ ነበር የምትይዛቸው፤ አሉሚኒየም ናቸው፣ ፊት ያሳያሉ። ከኋላ እናቷ ተቀምጠዋል። ለዓይን ሕክምና ልታደርሳቸው ስለሆነ ቸኩላለች።

ባሌ መኪናዋን ሲያይ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተነሳ። እሷ ባሌን አየች፣ ሰዓቷን አየች፣ መሪዋን ወደ ማዶ ጠመዘዘች። እናትየው በመስኮት እጃቸውን አወዛውዘው ባሌን ሰላም አሉት። እሱ ግን ሰላምታውን ሳይመልስ፣ ጨርቁን እንደያዘ፣ እዚያው ክው ብሎ ቀረ።

ከዚያ በኋላ በራፉ ላይ ቁጭ ብሎ ያየውን እኔ ያወቅሁት ዘግይቶ ነው፤ እናንተ ግን አሁኑኑ እወቁት። ወንድሜ አሮጌዎቹን ጎማዎች ከቸርኬው ሲያላቅቅ ጠርዙን በሌቫ ላጠው። አንዱ አልወጣ ሲለው በመዶሻ ደበደበው። አዲሶቹን መልሶ ሲያስር የሦስቱን ጎማዎች ብሎኖች በማሽን አጠበቀ። የፊቱን የግራ ጎማ ብሎኖች በእጁ ብቻ አስገብቶ ወደ ማሽኑ ሊዞር ሲል ስልኩ ጮኸ፤ ከኋላ የቆመው ባለመኪናም ክላክሱን ተጫነው። ወንድሜ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ያዘ፣ ክሪኩን አወረደ፣ «ጨርሻለሁ፣ ሂጂ» አላት። አላጠበቀም። ረሳው።

ይህን ሁሉ ባሌ አየ። እኔ በመስኮቴ ያየሁት እሱ ከበርጩማው ሲነሳና እስከ አስፋልቱ ጫፍ ሲሄድ ነው። በዚያች ቅጽበት ባለፋርማሲዋ ሞተር እያስነሳች «እንዴት ያለ ፍጥነት ነው! እስከዛሬ የት ነበርኩ?» ብላ ወንድሜን ስታመሰግነው ድምጿ እኛ ድረስ ተሰማ። ባሌ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ምነው?» አልኩት።

«ምንም» አለኝ። ፊቱ ግን ጠቁሮ ነበር።

በልቡ ያለው፣ በኋላ ራሱ እንደነገረኝ፣ «ይየው፤ እሷም ትየው» ነበር።

ከቀትር በኋላ ወሬው መጣ። የባለፋርማሲዋ መኪና ቁልቁለቱ ላይ የፊት ጎማዋ ወልቆ በብረቷ አስፋልቱን እየፋቀች ሄዳ መንገዱ ዳር ቆማለች አለን አንድ ሾፌር። የባሌ ፊት ብሩህ ሆነ። ከንፈሩ «እሰይ» ያለ መሰለኝ። ወሬውን ያመጣው ሾፌር ቀጠለና «ልጅቱ ደህና ናት፤ የእናትየው ክንድ ግን ተሰብሯል» አለ። ባሌ ፈገግታውን ዋጠው። ትንሽ ቆይቶ ግን «እንግዲህ ሰው አሁን ያውቀዋል» አለ፤ ማንን እንደሆነ ሳይናገርም ገባኝ።

በማግስቱ መኪናዋ በጭነት መኪና ተጭና እኛ በር ላይ ቆመች። ባለፋርማሲዋ ወርዳ ቀጥታ ወደ ባሌ መጣች። ማዶ ወንድሜ ሱቁን ሳይከፍት፣ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ሾፌሮችም ነገር የሸተታቸው ቀን ሥራ አይዙም፤ ተሰበሰቡ።

«ጋሼ፣ እውነተኛ ባለሙያ እርስዎ እንደሆኑ ሁሉም ይናገራል» አለች። «እነዚህን ቸርኬዎች ይዩልኝ። የሚድነውን ይድናል፣ የማይድነውን አይድንም ይበሉኝ። እንዴት እንደተበላሹም ይንገሩኝ።»

ባሌ ይህን ቃል ስንት ዘመን ጠብቆታል! ቸርኬዎቹን አንድ በአንድ አውርዶ እያገላበጠ፣ ማዶ ድረስ እንዲሰማ ድምጹን ከፍ አድርጎ ጀመረ።

«ይሄ ጠርዝ በሌቫ የተላጠ ነው። ይሄ ደግሞ ተደብድቦ ጎብጧል፤ ይቃናል፣ ግን ሥራ አለው። ይሄኛውን ተይው፤ የብሎኑ ቀዳዳዎች ተበልተዋል፣ ማንም ቢምልልሽ መልሰሽ እንዳታስሪው። ይሄ ሥራ ነው? ይሄ ጥጋብ ነው!»

«ጎማው ለምን ወለቀ?»

«ለምን አይወልቅ፣ የኔ እህት! መች ታሰረና! ብሎኖቹን በእጁ ነካ ነካ አድርጎ ነው የለቀቀሽ። ስልክ ሲያነሳ ረሳው። እዚህ በራፌ ላይ ሆኜ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

ሾፌሮቹ ወደ ወንድሜ ዞሩ። ባለፋርማሲዋ ግን ዓይኗን ከባሌ ላይ አልነቀለችም።

«አይተዋል?» አለችው።

«አይቻለሁ እንጂ! አንድም ነገር አላመለጠኝም።»

«እኔ ከመሄዴ በፊት?»

ባሌ የያዘውን ቸርኬ መሬት አስቀመጠ። የተናገረውን ገና ያን ጊዜ ነው የሰማው።

«እናቴ ከኋላ ነበረች» አለች፤ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «ሰላም ብላዎታለች። እሱስ ረስቶ ነው። እርስዎ እያወቁ ነው የሸኙን።»

ቸርኬዎቿን አስጭና ወደ ሌላ ሰፈር ሄደች። ሾፌሮቹም ወደየመኪናቸው ተበታተኑ። እንደወትሮው ቢቀልዱበት እንኳ ይሻለው ነበር።

ባሌ ወደ ውስጥ ገባ። ተከተልኩት።

«እኔ ነኝ ብሎን ያላላሁት?» ብሎ ጮኸብኝ። «ጥፋቱ የሱ አይደለም? ወንድምሽ ስለሆነ ለሱ ልትከራከሪ ነው!»

«ለሱ አልከራከርም። የሠራው ሥራ ያሳፍራል፤ ይጠየቅበታል። ግን አንተ ተነስተህ እስከ አስፋልቱ ሄደህ ነበር። አይቼሃለሁ። ምን መለሰህ?»

«እኔ ስነግራት ታምነኛለች? ከንፈሯን ነበር የምትመጥጥብኝ። ቀንቶ ነው፣ ደንበኛ ሊነጥቅ ነው ትለኝ ነበር።»

«ትበልህ! እሷ ቀናተኛ ብትልህ የማን ክንድ ይሰበራል?»

ባሌ የጎማ ክምር ላይ ቁጭ አለ። ሃያ ምክንያት ሊደረድር ይችል ነበር፤ ክርክር ላይ ሰነፍ ሰው አይደለም። ያን ቀን ግን ፊቱን ወደ ማዶ አዞረ። ወይ ነዶ፣ እዚያች በራፍ ላይ ቆሞ አንዲት ቃል ቢጮህ እኮ የሚበቃ ነበር።

ከዚያ ተነሳና መንገዱን ተሻገረ። ወንድሜ ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ ባሌ እዚያ ሲረግጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። እንዳይደባደቡ ብዬ መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ ተከተልኩት።

«ልትሰድበኝ ነው? ስደበኝ፣ ይገባኛል» አለ ወንድሜ።

«አልሰድብህም። ብሎኖቹን ሳታጠብቅ ስትለቃት አይቼህ ነበር።»

«ሰማሁ። ታዲያ ለምን አልጠራኸኝም፣ ጋሼ? ስትጠራኝ መቼ አቤት ሳልልህ ቀርቼ አውቃለሁ?»

«ቀንቼብህ ነው።»

ስንት ዓመት ስንኖር ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

«እኔስ ምን ይሻለኛል?» አለ ወንድሜ። «በራፍህ ላይ ተቀምጠህ ስታየኝ እኮ ነው ይበልጥ የምጣደፈው። ካንተ መብለጤን እንድታይልኝ። ትናንትም እያየኸኝ መሆኑን አውቅ ነበር።»

እንግዲህ ስሙት። አንዱ እንዲታይለት ተጣደፈ፣ ሌላው እያየ ዝም አለ፤ ክንዳቸው የተሰበረው ግን ከሁለቱም ጋር ምንም ጠብ የሌላቸው እናት ናቸው።

ያንኑ ቀን አመሻሽ ላይ ሦስታችንም ባለፋርማሲዋ ቤት ሄድን። በሩን ስትከፍት ፊቷን አኮሳተረች፤ እናትየው ከውስጥ «ይግቡ» ባይሉ ኖሮ አታስገባንም ነበር። ክንዳቸው በጀሶ ታስሮ ትራስ ላይ አርፏል። ወንድሜ እግራቸው ሥር ወደቀ። «እማማ፣ ጎማውን ሳላጠብቅ የለቀቅሁት እኔ ነኝ። ቸርኬዎቹንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እተካለሁ። ይቅር ይበሉኝ» አለ። እሳቸውም በደህናው እጃቸው አነሱትና ወደ ባሌ ዞሩ።

«አንተስ ምን አደረግህ?»

«ምንም አላደረግሁም፣ እናቴ» አለ ባሌ። «ይቅርታ የምጠይቅዎትም ምንም ባለማድረጌ ነው።»

እናትየው ወዲያው ይቅር አላሉትም። «ሌላ ጊዜ ጩኽ» አሉት። «ተሳስተህም ቢሆን ጩኽ።» ከዚያ ተቀመጡ አሉን።

ባለፋርማሲዋ ወደ ሁለቱም ሱቅ አልተመለሰችም፤ አልፈርድባትም። ቸርኬዎቹን ወንድሜ ሄዶ ከቤቷ ተቀበላትና የሚቃናውን ከባሌ ጋር አብረው አቃኑላት፣ በማይድነው ምትክ ወንድሜ ሌላ ፈልጎ አመጣላት፤ ማሰሩን ግን ሌላ ቦታ አሳሰረች።

መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ ጎማ የሚያስርላችሁን ሰው በክላክስ አታጣድፉት። ሲጨርስ ብሎኖቹን እያያችሁት እንዲደግማቸው አድርጉ፤ ትንሽ ነድታችሁም ተመልሳችሁ አሳዩ። ባለሙያዎች፣ ስልኩ ቢጮህ ይጩህ። የማንም ጎረቤት የሆናችሁ ደግሞ፣ የምትቀኑበት ሰው ሲሳሳት ባያችሁ ጊዜ አፋችሁን የዘጋው ምን እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ዝም ባላችሁ ጊዜ የሚጎዳው እሱ ብቻ ይመስላችኋል፤ መኪናው ውስጥ ግን ሌላ ሰው ተቀምጧል።

ባሌ ቅናቱ ለቀቀው ብዬ አልዋሻችሁም። ማዶ መኪና ሲሰለፍ ዛሬም ፊቱ ይጠቁራል፣ የወንድሜን ሳህንም ዛሬም በጎን ያያል። ግን ትናንት አንድ ደንበኛ ከወንድሜ ሱቅ ሊወጣ ሲል ባሌ ከበርጩማው ብድግ አለና መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ «መብረቅ! የኋላውን የቀኝ አልደገምክም!» ብሎ ጮኸ። ወንድሜ እያጉረመረመ ተመልሶ ጎንበስ አለና መፍቻውን አስገብቶ ሞከረ። ብሎኖቹ በደንብ ጠብቀዋል። ባሌን ሾፌሮቹ ሳቁበት፤ እሱም ፊቱ እንደጠቆረ ተመልሶ ቁጭ አለ።