ፈረስ የሚፈልግ ገበያ ይውጣ

ዘቢባ በቀበሌው ስብሰባ ላይ መፈክር ሲባል አፏን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታማ ድምፅዋ ጎርንኖ ቀርቷል። አንድ ቀን ከሰው እኩል «ይውደም!» ብትል አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶች ሳቁባት። ከዚያ ወዲህ ከአባቷ ሱቅ ውጭ ብዙም አትናገርም።

ሱቁ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ነው፤ ምስማር፣ ቁልፍና ሞረድ ይሸጥበታል። ከማል የመጣው የበር ማጠፊያ ሊገዛ ነበር። በ1974 ዓ.ም. ከሐሙሲት ተዛውሮ የመጣ የእንግሊዝኛ መምህር ነው።

«የተከራየሁት ቤት በር ሲጥ ሲጥ እያለ እንቅልፍ ነሳኝ» አለ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቀው፣ «እንግሊዞች ይኼን ‹ክሪክ› ይሉታል። ድሮ የቁራና የዝይ ጩኸት ነበር፤ ለበር የዋለው በኋላ ነው።»

«በርህ ቁራ ሆነና አረፈው በለኛ!»

ድምፅዋን ሲሰማ ቀና ብሎ አያት። አልሳቀም። ዘቢባ ይኼን ልብ አለች።

ማጠፊያ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ከማል ግን መመላለሱን አልተወም። ለትምህርቱ የሻካራ ድምፆችን ስም ይሰበስብ ነበርና ያገኘውን ሁሉ ለእሷ ይነግራታል። ሞረዱን ያነሳና፣ «ይኼ ‹ራስፕ› ነው። ዕቃውም ድምፁም አንድ ስም ነው፤ ከፈረንሳዮች የወሰዱት። ‹ግሬት›ም ከዚያው ነው። መጀመሪያ መፋቅ ማለት ነበር፤ አሁን ጆሮ የሚፍቀውንም ይሉበታል» ይላል።

«እነዚህ ሰዎች የራሳቸው ጩኸት የላቸውም?»

«አላቸው እንጂ! ‹ስክሪች› አለ። ቃሉ ራሱ ይጮሃል።»

አንድ ቀን ደፈረችና፣ «የእኔን ድምፅስ ምን ይሉታል?» አለችው።

ከማል ቃል የሚመርጥ ሰው ነው። ጥቂት አሰበና፣ «ሆርስ» አላት።

ዘቢባ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች፤ ሆርስ ፈረስ መሆኑን አሳምራ ታውቃለች። ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። እሱም ሥራ ይዛለች ብሎ ወጣ።

በሳምንቱ የሰፈሩ አዛውንት ሐጂ የሱፍ ሌሎች ሽማግሌዎች አስከትለው ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤታቸው መጡ። አባቷ እሷ ወዳለችበት ጓዳ ገቡ።

«መምህሩ ሽማግሌ ልኳል። ምን ልበላቸው?»

«ፈረስ የሚፈልግ ገበያ ይውጣ በሏቸው፣ አባባ።»

ሐጂ የሱፍ መልሱን ቃል ሳያጎድሉ ለከማል አደረሱ። «ልጄ፣ ስንቱን ቤት አንኳኩቻለሁ፤ እንዲህ ያለ መልስ ግን ሰምቼ አላውቅም። ምክንያቱን ካላወቅህ ዳግመኛ እዚያ ደጅ አልቆምም» አሉት።

በማግስቱ ከማል ሱቁ በር ላይ ቆመ፤ አልገባም።

«ምን በድዬሽ ነው?»

«ፈረስ ነሽ ብለህ ሽማግሌ ትልካለህ?»

«ማን? እኔ?»

«‹ሆርስ› አላልከኝም? ስድስተኛ ክፍል ድረስ ምን የተማርኩ መስሎህ ነው!»

ከማል ሳቁ መጣበት፤ ዋጠው።

«እሱ ሌላ ነው፣ ዘቢባ! ሲጠሩት አንድ ይመስላል፤ ሲጻፍ ይለያል። እኔ ያልኩት ጎርናና ነው።»

«እሱንማ ከተማው ሁሉ ብሎኛል።»

ከፈረሱ ይልቅ የሚያማት ይኼኛው ነበር።

«ቃሉ ድሮ ‹ር› አልነበረውም» አለ ከማል። «በኋላ ነው መሐሉ የገባችው። ከየት እንደመጣች እንኳ በእርግጥ አይታወቅም።»

«እኔ ስለ ‹ር› ጠየቅኩህ?»

«አልጠየቅሽኝም።» አንገቱን ደፋ። «ለስላሳ ድምፅ ሁሉ ይምታታብኛል። ያንቺን ግን በገበያ ግርግር መሐል ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ። ካልሰማሁት ቀኑ አይሞላልኝም።»

ዘቢባ ትኩር ብላ አየችው። እሱም ዓይኑን አላሸሸም።

«ሐጂ የሱፍን መልሰህ ላካቸው» አለች።

ከጁምዓ በኋላ መጡ። ልማዱ ልጅቱ ስትጠየቅ ዝም እንድትል ነው፤ ዝምታዋ እሺታ ይሆናል። አባቷ ጓዳው በር ላይ ቆመው ጠየቋት። ሐጂ የሱፍ ትንሽ ጠበቁና፣ «እንግዲህ ዝም ካለች...» ብለው ሳይጨርሱ፣

«እሺ ብያለሁ!» አለች ዘቢባ፣ በሙሉ ድምፅዋ።

«ሰምተናል፣ ልጄ» አሉ ሐጂ የሱፍ። «ገበያተኛውም ሰምቷል።»