ከጎሉ ጀርባ

አባቷ ጢሙን እየተላጨ ያንን ዘፈን ያፏጫል። ጠጠር የጥርስ ብሩሿን ይዛ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ወረፋ ትጠብቃለች።

«አባዬ፣ እሱን ተወው በናትህ።»

«ምኑን?»

«የምታፏጨውን።»

አባቷ ምላጩን አገጩ ላይ እንዳቆመ በመስታወቱ ውስጥ አያት። «ሳላስበው ነው። አፍ ላይ ይቀራል እኮ። የሠራው ሰው ጎበዝ ነው።»

ጠጠር ዘፈኑን ማን እንደሠራው ታውቃለች። የሠራችው ልጅ ትምህርት ቤት ከእሷ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የምትቀመጠው።

አባቷ የከተማው ክለብ በረኛ ነው። እሷ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ በዚያው ክለብ፣ በዚያው ጎል ሥር ቆሟል። ደጋፊው «ግንቡ» ይለዋል፤ በእውነተኛ ስሙ የምትጠራው እናቷ ብቻ ናት፣ እሷም ስትናደድ። ግንብ ሲወልድ ጠጠር ነው የሚወልደው ብለው የልጅቷን ስም ያወጡት ደግሞ የቡድን ጓደኞቹ ናቸው። ገና ዳዴ ስትል ያወጡላት ስም እስከ ዛሬ አልለቀቃትም።

ዘንድሮ ግንቡ ወገቡን ታመመ። በተከታታይ ሁለት ጨዋታ ላይ መግባት የሌለባቸው ኳሶች ገቡበት። ከሁለተኛው ሽንፈት በኋላ በነበረው ሰኞ፣ በእረፍት ሰዓት፣ አብሮ አደግ የዴስክ ጓደኛዋ ጡሩምባ ዴስኩን እንደ ከበሮ እየደበደበች ዘፈነች።

«ግንቡ አርጅቷል፣ ግንቡ ዘሟል፤
ኳስ ስትመጣ ወገቡን ያመዋል!»

ጡሩምባ ይህን ስም ያገኘችው በድምፅዋ ነው። በሹክሹክታ ስታወራ እንኳ ጎረቤት ክፍል ይሰማል። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሁሉም ዞሮ ጠጠርን ሲያያት፣ እሷም ምን ታድርግ፣ ፈገግ አለች።

«ቀልድ ነው እሺ? አልተቀየምሽኝም አይደል?» አለቻት ጡሩምባ።

«አልተቀየምኩም።»

በቀጣዩ ጨዋታ ዘፈኑ ከጎሉ ጀርባ፣ ከተማሪዎቹ መቀመጫ ተነሳ። ከዚያ በኋላ በነበረው ጨዋታ ስታዲየሙን ሞላው። ጠጠር መሃላቸው ተቀምጣ ነበር። አልዘፈነችም፤ ተነስታም አልሄደችም።

አሰልጣኙ ግንቡን ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ክለቡ «በጋራ ስምምነት ተለያይተናል» ማለቱን አባቷ የሰማው ታክሲ ውስጥ፣ ከሬዲዮ ነው። ሹፌሩ በመስታወት አይቶት ሬዲዮውን ዘጋ፤ ሲወርድም ሂሳብ አልቀበልህም አለው። አባቷ ይህን ለእናቷ ሲነግር ስለ ዜናው ብዙ አላወራም። ያንገበገበው ሹፌሩ ለእሱ ማዘኑ ነው።

ዛሬ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ከጨዋታው በፊት ሽኝት ተዘጋጅቶለታል።

«ሱፍህን አልተኮስኩትም» አለች እናቷ ከሳሎን። «የሰደቡህ ራሳቸው ይተኩሱልህ።»

ሱፉ ግን መስመር እስኪያወጣ ተተኩሶ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል።

«አንቺ ደግሞ» አለ አባቷ ሸሚዙን እየቆለፈ። «ደጋፊ ነው፤ ይሰድባል፣ መልሶ ያጨበጭባል።»

«ሲሰድቡህ አንተ ሜዳ ውስጥ ነህ። አጠገባቸው ተቀምጬ የምሰማው እኔ ነኝ።»

ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ከጎሉ ጀርባ ሰፊ ጨርቅ ተወጥሯል፤ የአባቷ የወጣትነት ፊት ተስሎበታል፣ ከሥሩ «ግንባችን ለዘላለም» ይላል። ጠጠር ወደ ሜዳው በሚያስገባው ኮሪደር ውስጥ አበባ ታቅፋ ስትቆም ጡሩምባ እየሮጠች መጣች። የክለቡን ስካርፍ አንገቷ ላይ ጠምጥማለች። ዓይኗ ከአሁኑ ቀልቷል። የደጋፊዎች ማኅበር የስንብቱን ግጥም እንድታነብ የመረጠው እሷን ነው።

«ጠጢ፣ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነው። አጠገቤ ቁሚ፣ አለበለዚያ አላነብም።»

«ዘፈኑስ?» አለች ጠጠር።

«የቱ ዘፈን?»

ጠጠር ዓይን ዓይኗን አየቻት። ጡሩምባ ስካርፏን ማፍተልተል ጀመረች።

«ውይ፣ እሱን ነው? ቀልድ ነበር እኮ። ደግሞ ሁሉም ሰው ዘፍኗል።»

«ማን ጀመረው?»

«አሁን በዛሬ ቀን ይነሳል ይሄ?» ድምፅዋን ለመቀነስ ሞከረች፣ አልሆነላትም፤ አንድ ጥበቃ ዞሮ አያቸው። «እኔ ብቻዬን አላባረርኩትም።»

ማይክራፎኑ የጡሩምባን ስም ጠራ። ጡሩምባ እጇን ዘረጋችላት። ጠጠር እጇን አልያዘችም፤ ግን አብራት ወጣች። አባቷ መሃል ሜዳ ላይ በሱፍ ቆሞ እየጠበቀ ነበር፣ አበባውም እሷ እጅ ላይ ነበር።

ጡሩምባ ስታነብ እግሯ አልተንቀጠቀጠም። ግጥሙ ቆንጆ ነበር፤ ይሄ ነው ክፉው ነገር። ሽማግሌዎች ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ አለ።

«ዝናብ ያልሸረሸረህ፣ ጎርፍ ያልነቀነቀህ፣
ግንባችን፣ ደህና ሁን፤ ከእኛ ማን አራቀህ?»

ጠጠር የአበባው እሾህ መዳፏን እስኪወጋት አጥብቃ ያዘችው። ጡሩምባ የመጨረሻውን ቃል ሳትጨርስ ሳግ ያዛት፤ ግንቡ ሄዶ አቀፋት፣ እንባዋንም በአውራ ጣቱ ጠረገላት። ስታዲየሙ አብሮ አለቀሰ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሞቅ ብሎት ማይክራፎኑን ነጠቀና «ግንባችን የመጨረሻ ጓንቱን ለዚህች ጀግና ልጅ ያበረክታል!» አለ። አባቷን ማንም አልጠየቀውም። እሱ ግን በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እናቷ የክብር እንግዶቹ መቀመጫ ሥር እጆቿን አጣጥፋ ቆማለች፤ አላጨበጨበችም።

የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ የአባቷን እጅ ጨበጠ። ከዚያ ጨዋታው ሊጀመር ሆነ፤ ሦስቱ የሚቀመጡበት ወንበር ተፈለገ። አልተያዘላቸውም ነበር። አንድ አስተናጋጅ ላብ እያጠመቀው ወዲያና ወዲህ ተሯሯጠ።

«ተወው ወንድሜ» አለው አባቷ። «ቤት ሥራ አለብን።»

በኋላው በር በኩል ወጡ። እናቷ መኪናውን ልታመጣ ቀድማ ሄደች። አባቷ ወገቡን ይዞ የመኪና ማቆሚያው ጠርዝ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከበስተጀርባቸው ሕዝቡ አዲሱን በረኛ በጩኸት እየተቀበለ ነበር።

«አባዬ፣ ጓንቱን አትስጣት።»

«ለምን?»

«ዝም ብለህ አትስጣት።»

«ዘፈኑን ስለጀመረች?»

ጠጠር ወደ እሱ ዞረች። «ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? በረኛ እኮ ከተጫዋች ሁሉ ለደጋፊ ይቀርባል። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ስለምቆም ፊታቸውን አላይም፤ ድምፃቸውን ግን አንድ በአንድ እለያለሁ። ያቺ ልጅ ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እኔ ቤት ስትጮህ ነው ያደገችው። እንዴት ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን አቀፍካት?»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልገፍትራት?» ክራቫቱን ፈታና ኪሱ ውስጥ ጠቀጠቀው። «ደግሞ ስታለቅስ ከልቧ ነበር። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። ውሸቷን ቢሆን ይቀለኝ ነበር።»

ጠጠር ጫማዋን አየች። «እኔም እዚያ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ።»

ሌላ ቃል እንዲጨምር ጠበቀች። ቢቆጣት ወይም አይዞሽ ቢላት ይሻላት ነበር። አባቷ ግን የሚመጣውን መኪና ያይ ነበር፤ መኪናው ሲቆምም እጁን ሰጥቷት አስነሳችው።

ሰኞ ጠዋት ጓንቱን በፌስታል አድርጎ የበሩ እጀታ ላይ አንጠልጥሎላት ነበር። «ለልጅቷ አድርሺላት። ራሴን ነቅንቄያለሁ፤ ቃል ነው» አላት ከአልጋው ላይ። ጠጠር ፌስታሉን አወረደችው፣ እጇ ላይ መዘነችው፣ ከዚያ መልሳ ሰቀለችው።

ክፍል ስትደርስ ጡሩምባ በልጆች ተከባ ስለ ሽኝቱ ታወራለች። ስታያት ፊቷ በራ።

«መጣሽ! አመጣሽልኝ?»

«አላመጣሁም።»

«እንዴ፣ ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። ቤት ነው ያለው። መጥተሽ ከራሱ እጅ ተቀበይ።»

«እሺ፣ ምን ችግር አለ? ዛሬ አብሬሽ...»

«ዘፈኑን አንቺ እንደጀመርሽው ያውቃል» አለች ጠጠር ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያንን አውቀሽ ነይ።»

ጡሩምባ ዙሪያዋን አየች። ልጆቹ መስኮቱ ጋ ስለ ሌላ ነገር መጨቃጨቅ ጀምረዋል።

«ነገርሽው?»

«አልነገርኩትም። ከጀርባው ሆነሽ ስትዘፍኚ ሰምቶሻል።»

«ሲያቅፈኝም ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

ለመጀመሪያ ጊዜ የጡሩምባ ድምፅ አጠገቧ ላለችው ልጅ እንኳ በቅጡ የማይሰማ ሆነ። «እንደዚህ ከሆነ እኔ አልችልም። ምን ብዬ ነው ዓይኑን የማየው? ጠጢ፣ አንቺ አምጪልኝ። ሰው ሁሉ ጓንቱን አሳዪን እያለኝ ነው።»

ጠጠር ቦርሳዋን ዴስኩ ላይ አሳረፈች። አንድ ቃል ጠበቀች፣ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት መንገዱን ሁሉ ስትጠብቀው የመጣችውን። ጡሩምባ ስካርፏን ታፍተለትላለች።

የሒሳብ መምህሩ ገብተው ሰሌዳውን መጥረግ ጀመሩ። ለሁለት የሚጋሩት መጽሐፍ ዴስኩ መሃል ላይ ተዘርግቷል። ጠጠር መጽሐፉን ወደ ጡሩምባ በኩል ገፋ አደረገችው። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ኋላ፣ ግድግዳው ሥር ወዳለው ባዶ ዴስክ ሄደች።

«ምነው ልጄ፣ ከዚያ ሰሌዳው ይታይሻል?» አሉ መምህሩ ዞር ብለው።

«ይታየኛል» አለች ጠጠር፣ ተቀመጠችም።