የሁለት ሰው ኢንተርኔት

«ቤት ውስጥ ስንት ሰው ነው የሚጠቀመው?» አለች የኢንተርኔቱ ቢሮ ልጅ።

«ሁለት» አለች ሠናይት።

አጠገቧ ቆሜ ነበርና ቀና ብዬ አየኋት። እኔ ውዴ እባላለሁ፣ ጎረቤቷ ነኝ፤ ግቢያችንም አንድ፣ ውሃችንም አንድ ነው። ሠናይት ብቻዋን እንደምትኖር እኔ ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ? እሷ ግን ወደ እኔ አልዞረችም።

«ባንድ ጊዜ ነው የምትጠቀሙት?»

«አዎ። እኔ ለሥራዬ ትልልቅ ፋይል እልካለሁ። ሌላው ሰው በቪዲዮ ያወራል፣ ያውም ረጅም ሰዓት። ምስሉ እየቆመ እንዲያስቸግር አልፈልግም።»

ልጅቷ አሰብ አደረገችና «ብቻሽን ብትሆኚ ትንሹ ይበቃሽ ነበር» አለቻት። «ለሁለት ሰው ግን፣ ቪዲዮም ካለበት፣ ባለ አስር ሜጋውን አስገቢ። ከዚያ በላይ ያለው ለሆቴል ነው፣ በከንቱ አትክፈይ።»

ከኋላችን አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ዞር ስንል ዓለምነው ነው።

ዓለምነው እጮኛዋ ነው። ከጉና ተራራ ሥር ድንች በአይሱዙ እየጫነ ባሕር ዳር ያራግፋል። መልከ መልካም፣ ሠራተኛ፣ ለሰው አዛኝ። አንድ ችግር ብቻ አለበት፤ ይቀናል። አንዴ የሠናይት ፎቶ ላይ ቀይ ልብ የለጠፈላትን ሰው ማንነት ሲያጣራ ከርሞ፣ በመጨረሻ አጎቷ መሪጌታ ምሕረትአብ ሆነው ተገኙ።

ቀለበት ካሰሩ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሠርጉን የያዘው የእናቱ ነገር ነው። እማማ ዓለሚቱ ጉና ሥር ብቻቸውን ይኖራሉ። «እናቴን ለዚያ ብርድ ጥዬ ከተማ ጎጆ አልወጣም» ይላል እሱ። «እኔ ደግሞ ከቀዬዬ አልወርድም» ይላሉ እሳቸው። ባለፈው ወር እንኳ ለዓይናቸው ሕክምና መጥተው፣ ሠናይት ቤት ሰንብተው ተመለሱ። እኔ ያን ሰሞን ለወገቤ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርጄ ስለነበር አላገኘኋቸውም።

በመካከል የምትጠብቀው ሠናይት ናት። ሥራዋ በኮምፒውተር የቤት ፕላን መሳል ነው፤ ባሕር ዳር ላለ መሐንዲስ ትልካለች። ለሰው ሁሉ ቤት ስትስል ትውላለች፣ የራሷ ጎጆ ግን...

ከቢሮው እንደወጣን ዓለምነው መንገዱ ላይ ያዛት።

«ሁለተኛው ማነው?»

«ማን ይመስልሃል?»

«እኔ ነኝ እንዳልል፣ እኔ ቪዲዮ አላወራም።»

«አንተማ ስልክ የምታነሳው የድንች ዋጋ ለመጠየቅ ነው» ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። «ታዲያ ማነው?»

«ቅዳሜ ትሰማለህ። እስከዚያ እመነኝ።»

ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ ውዴ፣ አንቱ ያውቃሉ?»

«እኔ ምን አውቄ» አልኩት። እውነቴን ነበር።

«ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» አለ ለራሱ።

«አንተ ገንፎው ሳይቀርብ ነው ስንጥር የምትፈልግ» አልኩት።

በማግስቱ ይሻው መጣ። ይሻው የኢንተርኔት መስመር የሚዘረጋው ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ጨዋታ የሚያውቅ። ዓለምነው ያን ቀን ጭነቱን ትቶ፣ አይሱዙዋን በራችን ላይ አቁሞ፣ ያልተበላሸ ሞተር ሲጠግን ዋለ።

«ራውተሩ የት ይሁን?» አለ ይሻው።

«እውስጠኛው ክፍል» አለች ሠናይት።

«እዚያ እኮ ባዶ ነው። ሥራሽ እዚህ ሳሎን አይደል?»

«ለእኔ ግድግዳ አልፎም ይደርሰኛል። እዚያ ለሚቀመጠው ሰው ፊት ለፊት ይሁንለት።»

«የጭቃ ግድግዳ ወፍራም ነው፣ ያደክመዋል። በሩ ላይ ከፍ አድርጌ ልስቀለው፤ ለሁለታችሁም ይደርሳል።» ይሻው ይህን አለና መሰላሉን እየወጣ ጨመረ፣ «መቼም የታደለ ሰው ነው፣ ማንም ይሁን።»

ከውጭ የመፍቻው ድምፅ ቀጥ አለ።

ሐሙስ ዕለት ይሻው ተመልሶ መጣ። ዓለምነው የእኔን በር ተደግፎ ቆመ።

«ዛሬም መጣ?»

«መጣ።»

«ትናንት አልጨረሰም?»

«ፍጥነቱን ሊለካ ነው አሉ።»

«እሱስ ፈጣን ነው» አለ።

ሳቄ መጣ። ፊቱን ሳየው ግን ዋጥኩት። ዓይኑ እንቅልፍ አጥቶ ደም መስሏል። እሱ ሲቀና ሰው ያስቃል፣ ራሱ ግን ይታመማል።

ይህን ስንነጋገር ጋሪ በር ላይ ቆመ። አዲስ ፍራሽ ጭኗል። ሠናይት ወጣች፣ ይሻው ሊያግዛት ተከተላት። እሷ ባንድ በኩል፣ እሱ በሌላው በኩል ይዘው ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገቡት።

ዓለምነው ይሻው እስኪሄድ ጠብቆ ገባ። በሩ ክፍት ነው። እኔም በረንዳዬ ላይ ምስር እለቅማለሁ። ጆሮ ደግሞ መዝጊያ የለውም።

«ፍራሹ የማነው?»

«ዓለምነው፣ ቅዳሜ አልኩህ።»

«ራውተሩ እዚያ። ፍራሹ እዚያ። ሰውየው እዚያ። ውጭ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

«ይሻውን ነው የምትለው? ሚስቱ አራስ ናት እኮ።»

«እሱ ካልሆነ ማነው? መሐንዲሱ ነው? ቀኑን ሙሉ በኮምፒውተር ስታወሩ የምትውሉት...»

«ስለ ደረጃና ስለ መስኮት ነው የምናወራው።»

«ስሙን ንገሪኝ።»

በቀስታ ተናገረች።

«ሁለት ዓመት ጠበቅሁህ። አንድ ቀን ለምን አላልኩህም። አንተ እስከ ቅዳሜ አቃተህ?»

«እናቴ ጋ እሄዳለሁ። ሽማግሎቹን ታስጠራና ቀለበቱ ይመለስ።»

«እናትህ ጋ?»

«አዎ፣ እናቴ ጋ።»

በመስኮቱ አየኋት። እንባዋ ወርዷል። ከንፈሯ ጫፍ ላይ ግን ሳቅ የመሰለ ነገር አለ።

«እንግዲያ ሂድ» አለችው። «ቀስ ብለህ ንዳ።»

አይሱዙዋ ስትወጣ ገብቼ አቀፍኳት። «ማነው ልጄ? ለእኔ እንኳ?» ብላት፣ «እትዬ ውዴ፣ በማርያም ምያለሁ» አለችኝ። ማታውን ስትስልም አልሰማኋት፤ ኮምፒውተሯ ዝም ብሎ አደረ።

ቀጥሎ የሆነውን የነገሩኝ እማማ ዓለሚቱ ናቸው።

ዓለምነው የገሳይን ከተማ አልፎ መኪናውን ከመንገድ ዳር አቆመና ዳገቱን በእግሩ ወጣ። ከቤቱ ሲደርስ በጎቹ ደጅ የሉም። እናቱ መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቁርበታቸው ተጠቅልሎ በጠፍር ታስሯል።

«ዛሬ ገና ሐሙስ ነው» አሉት። «ሠናይት ቅዳሜ እልከዋለሁ ብላኝ ነበር። ምነው ቸኮልህ?»

«የት ልትሄጂ ነው?»

«አልነገረችህም? ጎሽ የኔ ልጅ፣ ቃሏን ጠበቀች።»

ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቱ ርብቃ አርባ ምንጭ አግብታ ከሄደች ወዲህ እናትና ልጅ በዓይን አልተያዩም። ያን ጊዜ ለሕክምና መጥተው የእማማ ዓለሚቱ ዓይን በተገለጠ ማግስት፣ ሠናይት ርብቃን በስልኳ አሳየቻቸው።

«ፊቷ መጣ» አሉት። «ከዚያ ቆመ። አፏን እንደ ከፈተች ቆመች። እንደገና መጣች፣ እንደገና ቆመች። ‹ይኸ ሳይቆም የማያት ቢሆን ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም ነበር› አልኳት። ለቀልድ ነበር ያልኩት። እሷ ግን ያዘችኝ። ‹እንዳይቆም አደርገዋለሁ፣ ክፍልም አዘጋጃለሁ› አለች። ቁርጥ አድርጋ ስትነግረኝ በጎቼን ለአጎትህ ልጅ ግልገሉን ልንካፈል በርቢ ሰጠሁ።»

«ለእኔ ለምን አልተነገረኝም?»

«አትንገሪው ብዬ በማርያም ያስማልኳት እኔ ነኝ። ስንት ዘመን ውረጂ ስትለኝ አልወርድም አልኩህ። አሁን ለርብቃ ምስል ስወርድ ብትሰማ ትቀና የለ?»

ከደጃፉ ጭራሮ አንስቶ ሰበረ።

«ቀናህ?»

«ትንሽ።»

«ይኸው። አውቅሃለሁ እኮ።»

«እናቴ...» አለና አቀረቀረ። «ቀለበቱ ይመለስ ብያት ነው የመጣሁ። የሌላ ሰው ፍራሽ መስሎኝ።»

እማማ ዓለሚቱ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። በአዲሱ ዓይናቸው።

«በእኔ ፍራሽ ቀንተህ?» አሉት።

በዚያው ሰዓት ተነስቶ ሊመለስ ፈልጎ ነበር። እሳቸው ግን እንቢ አሉ። «እስከ ቅዳሜ ጠብቅ ተብለህ የለ? ትጠብቃለህ» አሉት። ዓርብን ድንች ሲያወጣላቸው፣ አጥር ሲያጥር፣ በረጅሙ ሲተነፍስ ዋለ።

ቅዳሜ ረፋድ አይሱዙዋ ግቢያችን ደረሰች። ከኋላ አንዲት በግ፣ ከፊት እማማ ዓለሚቱ ነጠላቸውን ተከናንበው። ሠናይት ሮጣ ጉልበታቸውን ሳመች። ዓለምነው ከመኪናው ጀርባ በጓን ሲፈታ፣ ሲያስር፣ መልሶ ሲፈታ ቆየ።

«ና ውጣ» አልኩት። «በጓ ጥፋት የለባት።»

መጣ። ዓይኗን ማየት አልቻለም።

«አጥፍቻለሁ» አለ። «እስከ ቅዳሜ ብቻ ነበር ያልሽኝ።»

«እስከ ቅዳሜ።»

«ቅጪኝ። ሠርጉን የፈለግሽውን ያህል አርቂው፣ ትንፍሽ አልልም።»

«ሠርጉ ሲርቅ እኔስ?» አለችው። «አንተን ስቀጣ እኔም አብሬ ልታሰር?»

ቀና አለ።

«ግን ያን ቃል...» አለች። «ቀለበቱ ይመለስ ያልከውን። ሁለተኛ ከአፍህ እንዳይወጣ። ጠርጥር፣ ቅና፣ ሞተርህን ፍታ። እሱን ግን አትበለኝ።»

«አልልሽም» አለ። አመነችው፤ እኔም አመንኩት።

እማማ ዓለሚቱን አዲሱ ፍራሽ ላይ አስቀመጥናቸው። ሠናይት ስልኳን በትራስ አስደግፋ ርብቃ ጋ ደወለችና፣ እሷ ሳሎን ገብታ የአንድ ፎቅ ቤት ፕላን መላክ ጀመረች። እኔና ዓለምነው በሩ መሐል ቆመን ወዲያና ወዲህ እናያለን።

ርብቃ መጣች። እማማ ዓለሚቱ ትንፋሻቸውን ያዙ። አልቆመችም። ሳቀች፣ አልቆመችም። ከዚያ አለቀሰች፣ እንባዋም ከጉንጯ ተነስቶ እስከ አገጯ ድረስ ተንከባለለ።

«ወረደ» አሉ እማማ ዓለሚቱ። «እንባዋ እኮ እስከ ታች ወረደ...»

«ፕላኑም ሄደ» አለች ሠናይት ከሳሎን።

ዓለምነው ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«ለእኔስ ስንት ሜጋ ያዝሽልኝ?»

«ለአንተ?»

«እኔ ሰው አይደለሁም?»

«የድንች ዋጋ ለመጠየቅ? አንተ በተረፈው ትሄዳለህ።»

«ከእናቴም ከመሐንዲሱም አንሼ?»

እጁን ይዛ ወደ ኮምፒውተሩ ሳበችው። ሌላ ፕላን ከፈተች። ትንሽ ቤት ናት፤ በጉና በኩል መስኮት ያለው ክፍል ለእናት፣ ሰፊ ግቢ ለአይሱዙ።

«ሥራ ሲቀለኝ እሷን ነው የምስል» አለችው። «አንተን እዚህ ነው የቆጠርኩህ።»

እሱም ዓይኗን አያት። ኧረ እኔም ከዚያ በኋላ ምስሬን ይዤ ወጣሁ።

ሠርጉ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ሆነ። በጓም ያኔ ታረደች።

ዘንድሮ ዓለምነው ሠናይትንና እኔን ይዞ እዚያው ቢሮ ሄደ። ፍጥነቱ ይጨመርልን ሊል ነው። ያችው ልጅ ነበረች።

«ቤት ውስጥ ስንት ሰው ነው የሚጠቀመው?»

«አራት» አለ ደረቱን ነፍቶ።

በጣቴ ቆጠርኩ። እማማ ዓለሚቱ፣ ሠናይት፣ እሱ... ሦስት። ከዚያ ሠናይት ነጠላዋን ሆዷ ላይ ስታደላድል አየኋት።

«ሕፃን ምን ኢንተርኔት ይጠቀማል?» አልኩት፣ እልልታዬን እንደምንም ይዤ።

«ርብቃ ልታየው አይደል?» አለ። «የሚታይ ሰውም ይቆጠራል፣ እትዬ ውዴ።»

ልጅቷ መዘገበች። «እሺ፣ መስመሩን ይሻው መጥቶ ያስተካክልላችኋል።»

ዓለምነው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሌላ ሠራተኛ የላችሁም?»

ሠናይት በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«እሺ፣ ይሻው ይምጣ» አለ። «እኔም ያን ቀን ጭነት የለኝም።»