የአስታ ሜዳ ማንቂያ

ኢንስፔክተር አይናዲስ ከደብረ ማርቆስ ተነሥታ አስታ ሜዳ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ሟቹ ድረስ ገና ከወደቀበት አልተነሣም ነበር። ከክትባት ክፍሉ ጀርባ፣ ከድንጋይ ካቡ ሥር በጎኑ ተኝቷል፤ ነጠላ አልብሰውታል፤ አጠገቡ የእንጨት መሰላል ወድቋል። ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄ ተራራ ላይ፣ የታኅሣሥ ውርጭ ቀልድ አያውቅም፤ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ሆኖ እንኳ ጥላ ያረፈበት ሣር እንደነጣ ነው።

ሟቹ የክትባት ማቀዝቀዣው ሠራተኛ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው።

«ማንቂያው ጮኸ፤ ሶላሩ ላይ የተኛውን ውርጭ ሊጠርግ ወጣ፤ መሰላሉ አዳለጠው» አለ የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ኃይለ ሚካኤል።

ዘበኛው ጋሽ ዘማርያምም ይህንኑ አሉ። ክትባት የምትሰጠው ሲስተር ያለምወርቅም ዓይኗ እስኪያብጥ እያለቀሰች ይህንኑ አለች። በግቢው ያደሩት ከሟቹ ሌላ እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው። አይናዲስ በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስነት ዘመኗ አንድ ነገር ተምራለች፤ ሦስት ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ከደገመ፣ አንዱ መምህር ሁለቱ ተማሪዎች ናቸው። ሥራው መምህሩን መፈለግ ነው።

«ማንቂያ» የሚለውን ቃል በስልክ ስትሰማ፣ ከማርቆስ ከመውጣቷ በፊት ክትባቱን ከሩቅ ወደሚከታተሉት ሰዎች ጎራ ብላ የአንድ ወር መዝገብ አሳትማ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ነገሩንም አስረድተዋታል። ማቀዝቀዣው ውስጥ ባለ ሽቦ የሙቀት መለኪያ ይቀመጣል፤ ሽቦው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለች ትንሽ ሳጥን ጋር ይያያዛል፤ ሳጥኗም ቀን ከሌት ልኩን ወደ ማርቆስ ትልካለች። ክትባት ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ድረስ ነው የሚኖረው። ከስምንት በላይ አሥር ሰዓት ከቆየ፣ ወይም ከዜሮ በታች አንድ ሰዓት ከቆየ፣ ሳጥኗ ትጮኻለች፤ ለተረኛው፣ ለኃላፊውና ለማርቆስም መልእክት ትልካለች።

ጉዳዩ የአንድ ሰው ሞት ብቻ አልነበረም። ከሸለቆው ማዶ ባለችው ቀበሌ ትክትክ ገብቶ በሁለት ሳምንት ሦስት ሕፃናት ተቀብረዋል። አስታ ሜዳ ላይ ደግሞ ባለፉት ሃያ ቀናት ሁለት መቶ አሥራ አራት ሕፃናት ከዚሁ ማቀዝቀዣ በወጣ ክትባት ተወግተዋል። ማቀዝቀዣው ታሞ ከነበረ እነዚህ ልጆች ጋሻ ሳይኖራቸው ጋሻ አለን ብለው የተቀመጡ ናቸው። አይናዲስን ያስፈራት ይህ ነው።

አምቡላንሱ አስከሬኑን ጭኖ ወደ ማርቆስ ሲወርድ እሷ ጋሽ ዘማርያምን ጠራች። ልጃቸው እስከዳር የሁለት ወር ሕፃን አዝላ አጠገባቸው ቆማለች። ሕፃኗ ደጋግማ ሳለች።

«ብርድ መቷት ነው?»

«ጉንፋን ነው ልጄ። አርሴማ ትባላለች። ደግነቱ ተከትባለች፣ ሲስተር ትመስገን።»

«ሌሊቱን የት ነበሩ?»

«በሩ ላይ ነዋ! ዘበኛ የት ይሆናል?»

«ጋሽ ዘማርያም፣ የጫማዎ ክር አልታሰረም፤ ካልሲዎም ተገልብጧል። በዚህ ውርጭ ጫማ አውልቀው የገቡት ማን ቤት ነው?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «የማርያም ቤት ነው። ኪዳን ላደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወጣሁ። ስመለስ ድረስ ወድቋል፤ ሲስተር ራሱን ታቅፋ ታለቅሳለች። ምን ሆነ ብላት ነገረችኝ።»

«ሲስተርን እንዴት ያውቋታል?»

«ኧረ እሷስ የዚህ አገር እናት ናት! ከመውጋቷ በፊት ብልቃጡን በመዳፏ ይዛ እፍ እያለች ታሞቀዋለች። ሕፃን ነው፣ አይብረደው ትላለች።»

«ድሮም እንዲህ ታደርግ ነበር?»

«አይ፣ በቅርቡ ነው ያመጣችው።»

ኃይለ ሚካኤል በተራው ገባ። ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃተው።

«ሌሊት መልእክቱ አልደረሰዎትም?»

«ስልኬን... ማታ ማታ አጠፋዋለሁ» አለና ፊቱ ቀላ። «ኢንስፔክተር፣ ሳጥኗ በክረምት እንቅልፍ ነሥታን ነበር። ደመና ሲበዛ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ትጮኻለች፤ ወጥተን ሶላሩን እንጠርጋለን። ከእንግዲህ ግን ደንብ አወጣለሁ፤ ስልኩን ያጠፋ ሰው...»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች አይናዲስ። «ከድረስ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«የአባቱን ተዝካር ሊያወጣ ዲማ ልሂድ ሲለኝ ከለከልኩት። ኋላ ፈቀድኩ። ከሄደ ሃያ ቀን ይሆናል፤ ሦስት ቀን ቆይቶ ተመለሰ።»

«በሌለበት ማንቂያውን ማን ያዘ?»

«ሲስተር።»

«ሶላሩን ሊጠርግ ወጣ ብሎ የነገረዎትስ?»

«እሷው ናት።»

ያለምወርቅ ዘጠኝ ዓመት ያንን ተራራ በእግሯ የዞረች፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። እንባዋ የውሸት አልነበረም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እሷም ከአንጀቷ ነበር የምታለቅሰው።

«ጩኸቱን ሰምቼ በመስኮት ሳይ ድረስ መሰላል ይዞ ሲወጣ አየሁት» አለች።

«ለምን ነበር የጮኸው?»

«ሙቀት ጨምሮ ነዋ። ሌላ ለምን ይጮኻል?»

«መልእክቱን አይተሻል?»

«ተራው የድረስ ነው። ለእኔ አይደርስም።»

አይናዲስ አመስግና ብቻዋን ወደ ክትባት ክፍሉ ገባች። መጥረጊያ ፈለገች፤ የለም። ማቀዝቀዣውን ከፈተች፤ ታችው ውኃ አቁሯል፣ የብልቃጦቹም ወረቀት ርሶ ተላጧል። መለኪያው እንደ ደንቡ መኻል ላይ ተቀምጧል፤ ሽቦውን ግን ወደ ብርሃን ብታነሣው ሸረሪት ድሯን ጀምራበታለች። ከኋላ ያለውን መስኮት መረመረች፤ የፍሬሙ ጥግ ላይ ቀለሙ በቀጭኑ ተፍቋል። በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ስታይ ድረስ የወደቀበት ካብ ልክ ከሥሯ ነው። ከዚያ ወረቀቷን ዘረጋች። ከሃያ ቀን በፊት መስመሩ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ያለ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይወርዳል። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ማርቆስ ደውላ አዲስ ክትባት በአስቸኳይ እንዲላክ ጠየቀች፤ ኃይለ ሚካኤልንም «በሃያ ቀን ውስጥ የተከተቡትን ሁሉ እናቶቻቸው ይዘው ይምጡ፤ ብርድ ያበላሸው ክትባት ነበር፣ ይደገማል ይበሉ» አለችው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ክትባቱ በሞተር ሳይክል ደረሰ። አይናዲስ ሦስቱን ክትባት ክፍሉ ውስጥ አስቀመጠች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አሳየቻቸው፤ ኃይለ ሚካኤልንም ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«የመናጥ ሙከራ ነው» አለ። «ይህ ክትባት አንዴ በረዶ ከሆነ በኋላ ቢቀልጥም ተበላሽቷል፤ በዓይን ግን አይለይም። ከደህናው ጋር አብሮ ይናጥና ይቀመጣል። የበረደው ፈጥኖ ይዘቅጣል፣ ከላዩም ይጠራል። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።»

«እስቲ አንዱን ከዚህ ማቀዝቀዣ፣ አንዱን ዛሬ ከመጣው አድርገው ይናጡ።»

ሁለቱ ብልቃጦች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ቆሙ። ሁለቱም እንደ አጓት ነጭ ናቸው። ያለምወርቅ ወደ በሩ ዞራ ተቀመጠች።

«እስኪዘቅጥ ላውጋችሁ» አለች አይናዲስ። «ማንቂያው ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጮኋል፤ እውነት ነው። ግን ወረቀቱ ምን ይላል? ከዜሮ በታች። የጮኸው ለብርድ ነው፤ ለሙቀት አይደለም። ሶላሩን መጥረግ ማቀዝቀዣው ይበልጥ እንዲበርድ ማድረግ ነው። ድረስ አምስት ዓመት የሠራ ልጅ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ያለ መጥረጊያ፣ በረደኝ ላለ ማሽን ኃይል ሊጨምር ይወጣል? ደግሞስ ሶላሩ ፊት ለፊት ባለው ጣሪያ ላይ ነው። እሱ የወደቀው ከኋላ ነው።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግ ሄደ?» አሉ ጋሽ ዘማርያም።

«ሽቦውን ተከትሎ ነዋ! ማቀዝቀዣውን ከፈተ፤ ክትባቱ ድንጋይ ሆኗል፣ መለኪያው ግን ቦታው ላይ የለም። ሽቦው በመስኮት ወጥቶ ውጭ ተንጠልጥሏል። ፍሪጅ ውስጥ ሸረሪት አይኖርም፣ ጋሽ ዘማርያም፤ ይህ ሽቦ ግን ድር አለበት። ወረቀቱም ይመሰክራል። የደህና ማቀዝቀዣ መስመር ቀጥ ይላል። ይኼኛው ግን ሃያ ቀን ሙሉ ንጋት ላይ ይወርዳል፣ ከቀትር በኋላ ይወጣል። እንዲህ የሚያደርገው ሰማይ ነው። ከዚህ መስኮት ውጭ ያለው ጥላ ከስምንት ዲግሪ ቢያልፍም አሥር ሰዓት አይቆይም፤ ሳጥኗ ዝም ትላለች። ማርቆስ ያሉትም፣ የሳጥኗን ልክ ብቻ የሚያየው ድረስም የጮቄን አየር እያዩ ‹ክትባቱ ደህና ነው› ይሉ ነበር። ትናንት ሌሊት ግን ውርጩ ከረረ፤ ውጭ የተሰቀለውም መለኪያ ከዜሮ ወረደ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ኃይለ ሚካኤል ብልቃጦቹን አየ። አንዱ ከላይ መጥራት ጀምሯል።

«መስመሩ የተለወጠው ድረስ ዲማ በሄደበት ሌሊት ማግስት ነው» ስትል ቀጠለች። «በዚያ ሌሊት ማቀዝቀዣው ከዜሮ በታች ስድስት ሰዓት ቆይቷል። ከማርቆስ ሲደወል ተረኛዋ ‹የብርዱ ማስተካከያ ተነክቶ ነበር፣ አስተካክያለሁ› ብላለች። ማሽኑ ግን ማብረዱን አልተወም፤ ሳጥኗ እንዳትጮህ መለኪያው በመስኮት ወጣ፣ ብልቃጥ በመዳፍ ማሞቅም ያኔ ተጀመረ። ጋሽ ዘማርያም ደግነት መስሏቸዋል። በረዶ ማቅለጥ ነበር።»

«ግማሽ ሰዓት አያስፈልግም» አለች ያለምወርቅ፣ ሳትዞር። «ይዘቅጣል።»

ከዚያ ፊቷን ከበሩ መለሰች።

«ሦስት ቀን ገደል ለገደል ስከትብ ቆይቼ ነው የተኛሁት። ስልኩ ሲጮህ ትራስ ሥር ከተትኩት። ጠዋት ሁሉም በረዶ ሆኗል። ውጭ ስድሳ እናቶች ቆመዋል፤ ሌሊት ተነሥተው የመጡ። ትክትኩ ማዶ ገብቷል። ተመለሱ ልበላቸው? አምና ተመለሱ ብያቸው ግማሾቹ እንደወጡ ቀሩ። ለዛሬ ብቻ ብዬ ወጋሁ። ነገ እናገራለሁ አልኩ።»

«ነገስ?»

«ነገም እናቶች መጡ።»

አይናዲስ ወረቀቷን አጠፈች። «ድረስስ?»

«ሁሉንም እንጥራ፣ አሁኑኑ እደውላለሁ አለኝ። ስልኩን ልቀማው ስታገለው ካቡ ጫፍ ላይ ነበርን። ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም፣ ኢንስፔክተር፣ ማርያምን!»

«ይህን ልመንሽ። መሰላሉንስ ማን አመጣው? በረዶው እንዲቀልጥ ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ መለኪያውን የመለሰውስ?»

ጋሽ ዘማርያም ተነሥተው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ «የኔዋ አርሴማስ?» ብቻ አሉ።

ያለምወርቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ውጭ እናቶቹ ተሰልፈዋል። ማን ምን እንዳደረገ አልተነገራቸውም። ኃይለ ሚካኤል መርፌውን ሲያዘጋጅ «ሲስተርስ? እሷ ካልወጋች እኔ ልጄን አላስነካም» የምትል ድምፅ ተሰማ። ያኔ ጋሽ ዘማርያም ሰው ሁሉ እያያቸው እስከዳርን ክንዷን ይዘው ወደ ፊት አመጧት፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

እስከዳር ልጇን ከጀርባዋ አወረደች። አርሴማ ሳለች። ሳሉ አላቆመም፤ ትንፋሽ እስኪያጥራት፣ ፊቷ እስኪጠቁር አንቀጠቀጣት፤ መጨረሻ ላይም በረጅሙ እያፏጨች አየር ሳበች። ኃይለ ሚካኤል መርፌውን አስቀመጠ። ይህን የትክትክ ሳል አይናዲስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሰምታዋለች። የጫማ ክር አይታ፣ የሸረሪት ድር ለይታ፣ የሕፃኗን ሳል ግን ጉንፋን ነው ሲሏት አምና አልፋዋለች።

«ጉንፋን ነው አይደል፣ ልጄ?» አሉ ጋሽ ዘማርያም።

«ወደ ማርቆስ፣ አሁኑኑ» አለች።

አምቡላንሱ ሟቹን ይዞ ወርዷል። ያለው የፖሊሱ መኪና ብቻ ነው፤ ከኋላ ወንበሩ ላይ ደግሞ ያለምወርቅ፣ የታሰሩ እጆቿ በነጠላዋ ተሸፍነው፣ ተቀምጣለች። ሌላ መንገድ አልነበረም። አይናዲስ እስከዳርን ከያለምወርቅ ጎን አስገባቻት። ጋሽ ዘማርያም በሩን ይዘው ያለምወርቅን ትኩር ብለው አዩ፤ ከዚያ ዘጉት።

ቁልቁለቱ ላይ የአርሴማ ሳል እንደገና ተነሣ። «ቀና አድርገሽ ያዣት፣ አታስተኛት» አለች ያለምወርቅ፤ ድምፅዋ ተሰብሯል። «ኢንስፔክተር፣ አንድ እጄን ብቻ። እባክዎ።»

አይናዲስ ከፊት ወንበር ዞራ ብረቱን ከአንድ እጇ አወለቀች።

እስከዳር ካቴናውን አላየችም፤ ዓይኗ ከልጇ ላይ አልተነሣም። ሕፃኗን ወደ ተዘረጋው እጅ እየሰጠች እፎይ አለች።

«እንኳንም አንቺ አብረሽን ሆንሽ፣ ሲስተር። አንቺ ካለሽ አልፈራም።»

ያለምወርቅ አርሴማን ደረቷ ላይ ቀና አድርጋ ያዘቻት። እስከ ማርቆስም ከደረቷ አላወረደቻትም።