ሁለተኛው ምስክር

ዱም።

...ዱም።

መጀመሪያ የሰማሁት ይህንን ነው። የቲያትር አዳራሹን በር ገና አልከፈትኩም። ብዙ ሰው አንድ ላይ የጣውላ ወለል በእግሩ ሲመታ የሚሰማ ድምፅ ነበር።

የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው። ያመነ ይመን፣ ያላመነ ይሳቅብኝ። ደግሞ ጨለማ ነበር እንዳትሉኝ... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ውጪው ፀሐይ፣ መንገዱ በመኪና ጥሩምባ የተጨናነቀ።

በተቃጠለው የመድረክ አምፖል ፋንታ አዲስ ገዝቼ መመለሴ ነበር። "ያለ እኔ ጀመሩ!" ብዬ በሩን ገፋሁት።

አዳራሹ ባዶ ነው።

መድረኩ ላይ እህቴ ብቻ በባዶ እግሯ ቆማለች።

"እታለም፣ ሌሎቹስ?"

"ከምሳ አልተመለሱም።"

"አሁን የእግር ድምፅ ሰማሁ እኮ..."

"አንተ ደግሞ ቆመህም ማለም ጀመርክ?" አለች። ግን አልሳቀችም።

እናትም አባትም የሆነችኝ እሷ ናት። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጣራ ጣራ እያየሁ ስውል፣ ደጅ ጠንታ የመብራት ሥራውን ያስገኘችልኝም እሷው ናት። ይህ ተውኔት ደግሞ የመጀመሪያ ዋና ሚናዋ ነበር።

ተውኔቱ በድሮ ዘመን "ጠንቋይ ናችሁ" እየተባሉ ስለተፈረደባቸው ሴቶች ነው። አዘጋጃችን ግን የራሱን መላ አመጣ።

"ያኔ በውሸት ከሰሷቸው" አለ፣ ተከሳሿን ወደምትጫወተው እህቴ እያመለከተ። "እኛ በእውነት እንክሰሳት። እውነት ተለቃቅሞ ምን እንደሚመስል ተመልካቹ ይየው።"

እናም የመንደሩን ሰዎች የሚጫወቱት ተዋንያን፣ ስለ እህቴ በዓይናቸው ያዩትን ጥቃቅን ነገር እየተነሱ ይመሰክራሉ። ቃሉ የሚጸናው ግን ሌላ ሰው "እውነት ነው" ሲል ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ወለሉን በእግራቸው ይመታሉ። ተከሳሿ መልስ አይፈቀድላትም።

መጀመሪያ ሰሞን ሳቅ በሳቅ ነበር።

"ሻይዋ ላይ ስኳር ጨምራ አታማስልም! ማን ነው የሚያማስልላት?" ይላል አናጢውን የሚጫወተው ወፍራሙ።

"እውነት ነው!"

እየቆየ ግን ሳቁ ጠፋ።

"ብቻዋን ታወራለች።"

"እውነት ነው።"

"እሷ ስትመጣ የዘበኛው ውሻ ተነስቶ ይሄዳል።"

"እውነት ነው።"

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር... ሲደማመር ግን እህቴን አይመስልም። ከልምምድ በኋላ አብሯት የሚቀመጥ ጠፋ። ሰውነቷ አለቀ። እንቅልፍ እምቢ አላት።

"በቃ ተዪው፤ ሳትታመሚ ውጪ" አልኳት።

"ዋና ሚና ከሰማይ ይዘንባል እንዴ? ምረቃው ይለፍና እተኛለሁ።"

አምፖሉን በገዛሁበት በዚያ ቀን፣ ተዋንያኑ ሆዳቸውን እያሻሹ ከምሳ ተመለሱ። እኔ በአዳራሹ የኋላ ጫፍ፣ መብራቱን ከምቆጣጠርበት ቦታ ተቀመጥኩ። እህቴ ላይ አንድ መብራት ብቻ ትቼ ሌላውን ቀነስኩት።

ከፊቴ የመጨረሻው ረድፍ አለ። ወንበሮቹ ሰው ሲነሳባቸው በራሳቸው የሚታጠፉ ናቸው። ሁሉም ታጥፈዋል።

ከአንዱ በቀር።

እሱ ሰው እንደተቀመጠበት ወርዷል... ሰው ግን የለበትም።

"ተበላሽቶ ይሆናል" አልኩ ለራሴ።

"አይቻታለሁ።"

ዝግ ያለ የሽማግሌ ድምፅ። ተዋንያኑ በሙሉ መድረክ ላይ ናቸው። ድምፁ የመጣው ከፊቴ ነው።

"ታናሽ ወንድሟ በትኩሳት ሲነድ፣ መስኮቱን ከፈተች። 'እሱን ተወው' አለች። 'ስትፈልግ እኔን ትወስዳለህ' አለች።"

ታናሽ ወንድሟ እኔ ነኝ።

ያኔ ሕፃን ነበርኩ። የተኛሁ መስሏት ነበር... እኔ ግን ሰምቻታለሁ። ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ለእሷም ቢሆን።

አዘጋጁ ወደ ወንበሮቹ ዞሮ በዓይኑ ፈለገ። "ማን ነው? ይሄ ግሩም ነው! እሺ... ማን ያጸናዋል?"



ማን ያጸናል? መስኮቱ በተከፈተበት ክፍል ውስጥ የነበርነው እኔና እሷ ብቻ ነን።

"ራሷን ሸጣለች!" አለ ወፍራሙ።

ትወና አልነበረም። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ሌሎቹ ከአጠገቧ ሸሹ። አንዷ "ጠንቋይ!" ብላ ተፋችባት።

ደሜ ፈላ።

"አትንኳት!" ብዬ ተነሳሁ። "አዎ፣ እውነት ነው! ግን እኔን ለማዳን ብላ ነው!"

ቃሉን እንዳጸናሁት የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

እህቴ ዓይኗን ጨፈነች።

"ምነው ማሙሽዬ..." አለች በሹክሹክታ።

ተዋንያኑ እንደ ልማዳቸው ወለሉን መቱ፤ ዱም... በር ላይ ሆኜ የሰማሁት ያው ድምፅ።

ከፊቴ ያለው ወንበር... ቀስ ብሎ ታጠፈ።

እህቴ ከመድረኩ ወረደች። በወንበሮቹ መሃል በረጋ እርምጃ መጣች።

"ወዴት ነው? ትዕይንቱ አላለቀም እኮ!" አለ አዘጋጁ።

"እታለም!" ሮጬ ልይዛት ፈለግሁ። እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

በአጠገቤ አለፈች። አላየችኝም።

በሩን ከፈተችው። ፀሐዩ ገባ።

ግን ወዲያው አልወጣችም። ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ፣ ለታላቅ ሰው እንደሚደረገው አንገቷን ሰበር አድርጋ... አንድ ሰው እስኪያልፍ ያህል ጠበቀች።

ከዚያ እሷም ተከትላ ወጣች።