ከቆመበት ትንሽ ከፍ

ታዲዮስ ከደከመው ቆይቷል። ቀን ኮልፌ ገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቁ ኮምፒውተር ሲጠግን ይውላል፤ ከዚያ አስኮ ሄዶ የጋሽ ፀሐዬን ድርጅት ኮምፒውተሮች ሲጠግን ያመሻል። ይህን ሁሉ የሚለፋው ቤት ሠርቶ ሳያትን ለማግባት ነው። ሰርጉ ግን ዛሬ ነገ ሲባል ከረመ።

ሳያት ሳንሱሲ ቤቷ ተቀምጣ ጽሑፍ ትተረጉማለች። መብራት በሄደ ቁጥር የላፕቶፗ ባትሪ አልበቃ ሲላት፣ ታዲዮስ የፕሮሰሰሩን ፍጥነትና የሚወስደውን ቮልቴጅ ቀነሰላት። ትንሽ ይቀንሳል፣ ይሞክራል፤ ከሠራ እንደገና ይቀንሳል። ባትሪው ሲበረክት ደስ አለውና በደንብ ሳይፈትሽ አንድ ጊዜ ደግሞ ቀነሰ።

ዛሬ ሳያት ላፕቶፑን ይዛ ሱቁ መጣች።

«ድርቅ ብሎ ቀረ። ጠዋት ሙሉ የተረጎምኩትን በላብኝ።»

«ይቅርታ ሳዬ፣ እንዲበረክትልሽ ብዬ እኮ ነው። ካልቆመ ገና ይችላል ብዬ ቀነስኩት።»

ሳያት የቀሉ ዓይኖቹን አየቻቸው።

«እኔንም እንደዚሁ ነው ያደረግከኝ» አለች ቀስ ብላ። «መጀመሪያ እሁዳችንን ቀነስክ፤ ዝም አልኩ። ቀጥሎ ምሳችንን። አሁን የምትደውልልኝ ፌርማታ ላይ ታክሲ እስኪመጣልህ ነው። ገና ትችላለች እያልክ ቀነስከኝ። ታዲ፣ እኔም ቆሜያለሁ። የመጣሁት ልሰናበትህ ነው።»

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው» ሊል አፉን ከፈተ። ስለ ላፕቶፑም ያለው ይህንኑ መሆኑ ትዝ ሲለው መልሶ ዘጋው። እንደዛሬ ፈርቶ አያውቅም።

«ሲቆምብህ ምን ታደርጋለህ?» አለችው ላፕቶፑን እያየች።

«ከቆመበት ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ። ከዚያ በታች አልነካውም።»

«ባትሪውስ?»

«ትንሽ ቶሎ ያልቃል። ምን ይደረግ።»

ስልኩን አንስቶ ደወለ።

«ጋሽ ፀሐዬ፣ የማታውን ሥራ ከእንግዲህ አልችልም። ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

ከወዲያ በኩል ቁጣ ተሰማ። ታዲዮስ እስኪያልቅ አዳምጦ፣ አመስግኖ ዘጋው።

«ቤቱ ይዘገያል» አላት።

«አንድ ክፍል ተከራይተን እንገባለን። ቤቱን መቼ ጠየቅኩህ?»

ታዲዮስ ቮልቴጁን አንድ እርከን ከፍ አድርጎ ሙከራውን አስጀመረ። ሳያት በርጩማ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ሙከራው ሳያልቅ ትከሻዋ ላይ እንቅልፍ ጣለው።

ደንበኛ በር ላይ ሲመጣ ሳያት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በእጇ መለሰችው። ከዚያ ላፕቶፑ እንዳይቆም እያየች ጠበቀች።