ዓርብ ሁለት ሰዓት የተሰማው አሜን

የቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች አገልግሎት ሰብሳቢ ተንበርክካ ሞታ ተገኘች፤ ሲያነሷትም እንደተንበረከከች ቀረች። ሁለት ፖሊሶች ጉልበቷን ለመዘርጋት ታገሉ፤ አልሆነላቸውም። አንሶላ ለብሳ ወደ መኪናው ስትወጣ ከሥሩ የተቀመጠ ሰው ያለ ይመስል ነበር። በሩ ላይ የቆሙት ሴቶች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ነገሩን የከፋ ያደረገው ግን ሌላ ነው። ዓርብ ዓርብ የጾም ጸሎት አላቸው። በጠባቧ የጸሎት ክፍል እያንዳንዷ አንድ አንድ ሰዓት ትጸልያለች፤ ተራው በሩ ላይ ተለጥፏል። ጫማ ደጅ ይወልቃል፣ ዓይን ይጨፈናል፣ የተንበረከከ ሰው አይነካም። ሕጉን ያወጣችው ሟቿ ራሷ ነበረች። ስለዚህ በሁለት ሰዓት አሮጊቷ አዋላጅ፣ በሦስት ሰዓት ልብስ ሰፊዋ፣ በአራት ሰዓት መምህርቷ በየተራ ገቡ። ሰብሳቢያቸው ሻርፗን ተከናንባ አግዳሚው ላይ መደፋቷን አይተው፣ እንዳይረብሿት ድምፃቸውን ቀንሰው ከአጠገቧ ጸለዩ። በአምስት ሰዓት ሁሉም ለመዝጊያ ሲሰበሰቡ ልብስ ሰፊዋ ትከሻዋን ነካች። ቀዝቅዟል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከሬሳ ጋር ሲማልዱ ቆይተዋል።

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ዓይኗን ጨፍና የምትጸልይ ሴት ጠፋች።

ሐኪሙ የራስ ቅሏ ከኋላ መሰንጠቁን ጻፈ፤ የሞተችውም ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩልና ሁለት ሰዓት መካከል ነው አለ። በአንድ ሰዓት ተኩል ሙቅ ውሃ ያስገባችው የአገልግሎቱ ሻይ አፍዪ ነበረች፤ ሰብሳቢዋ ከሁለት ዓመት በፊት ከጎዳና አንስታ ያስጠጋቻት ሴት። ሐሙስ ዕለት ሰብሳቢዋ ስትጮኽባት ጎረቤት ሰምቷል። ፔርሙዟም ጎኑ ጎድጉዷል። ለፖሊስ ይህ በቂ ነበር። ሰኞ በአሥር ሰዓት ወደ ዓቃቤ ሕግ ትተላለፋለች፤ ከተላለፈች በኋላ ደግሞ ዋስ የሚሆናት ሰው በምድር ላይ አልነበራትም። የነበራት አንድ ሰው ተንበርክካ ሞታ ተገኝታለች።

አለቃው ፋይሉን ለመርማሪው ሲሰጠው የቀረው ፊርማ ብቻ ነው አለው። በሥራ ባልደረቦቹ ዘንድ «ጆሮው» የሚባለው ይህ መርማሪ ፊርማ የሚከብደው ሰው ነበር። ብዙ አይጠይቅም፤ ሰው ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ትንሽ ይቆያል፤ ሰው ደግሞ ዝምታ ስለሚከብደው ይጨምርለታል።

መጀመሪያ ክፍሏን አያት። አንድ በር፣ አንድ አግዳሚ፣ ከአግዳሚው ጀርባ የጥምቀት ልብሶች የተሰቀሉበት መጋረጃ። ሌላ መውጫ የለም። የአግዳሚው ጠርዝ በብረት የተለበጠ ነው፤ ብረቱ ሁሉ አቧራ ለብሶ አንደኛው ጫፍ ብቻ ተወልውሏል። ጆሮው ፔርሙዙን አንስቶ መዘነው። ፕላስቲክ ነው። በዚህ እንኳን ራስ እንቁላልም በመከራ ነው የሚሰበረው ብሎ አስቀመጠው።

ሻይ አፍዪዋን ያነጋገራት በማረፊያ ቤቱ መስኮት ነበር።

«ውሃውን ስታስገቢ ምን አለችሽ?»

«‹ማን ነሽ?› አለችኝ።»

«ጨለማ ነበር?»

«ፊት ለፊቷ ነበርኩ።» ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። ጆሮው ጠበቀ። «እትዬ ዓይኗ ከሄደ ቆይቷል። ድምፄን ስትሰማ ነው ‹ልጄ› የምትለኝ። ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች። ሐሙስ የጮኸችብኝም ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ብዬ ስለነዘነዝኳት ነው።»

ውሃውን አድርሳ ከወጣች በኋላ እስከ ሦስት ሰዓት ግቢ ውስጥ ስኒ ስታጥብ ነበር። ዘበኛው አይቷታል፤ እንዲያውም ወሬ አላወራ ብላ አስቀይማዋለች። ይህ ግን ውሃውን ስታስገባ ገድላት ከሆነ አይጠቅማትም ተብሎ ታልፏል።

ልብስ ሰፊዋ የአገልግሎቱ ምክትል ናት። ጆሮው ሱቋ ሲደርስ የሰፋችውን እየፈታች ነበር፤ ከዓርብ ወዲህ እጇ ቀጥ ብሎ መስፋት እምቢ ብሏታል። የሟቿን ጉድ አላወራም ብላ ጀመረችና አወራች። በአገልግሎቱ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን አለ። ሴቶቹ ለሰው የማይነገር ሸክማቸውን በወረቀት ጽፈው ይከቱበታል፤ ሰብሳቢዋ ብቻዋን ከፍታ ትጸልይበትና ታቃጥለዋለች።

«እኔም ጻፍኩ። ለባሌ ያልነገርኩትን ጻፍኩ። ከዚያ አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት የራሴን ኃጢአት ለእኔው ነገረችኝ። ከነዓመተ ምሕረቱ።»

«ባለቤትዎ?»

«ሻንጣውን ይዞ ወጣ።»

ሐሙስ ማታ ሰብሳቢዋ ቤት ሄዳ አፏ እንዳመጣላት ተናግራታለች። ሰብሳቢዋ ግን አልተቆጣችም፤ አለቀሰች። ወሬውን ማን እንዳወጣው እንደምታውቅ፣ ያቺ ሴት ዓርብ በመዝጊያው ላይ በእህቶች ፊት ቆማ ይቅርታ እንደምትጠይቅ ነገረቻት።

«አላመንኳትም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሳጥኑን ከእሷ በቀር የሚከፍተው የለማ። ዓርብ ዕለት ስንበረከክ ጎኗ ነበርኩ፤ በልቤ ስወቅሳት ሰዓቴ አለቀ። ለካ የምወቅሳት አትሰማም።» መቀሷን አስቀመጠች። «አንዳንዴ እየሰማች የነበረ ይመስለኛል።»

ጸሐፊዋ መምህርቷ ናት። እሷን ያገኛት ሆስፒታል ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጇ ኩላሊቷን ታማ ሦስተኛ ወሯ ነው። መምህርቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የተማሪዎቿን ፈተና ታርማለች። ዓርብ ጠዋት እዚሁ ከልጇ ራስጌ እንደነበረች፣ ወደ ጸሎቱ የሄደችው በተራዋ በአራት ሰዓት እንደሆነ ተናገረች። ልጅቷ ነቅታ እንግዳውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አንተም መምህር ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እማዬ ናት መምህር። ስታነብ ድምጿ ያምራል። ለእትዬም ታነብላታለች።»

«መጽሐፍ ቅዱስ ነው» አለች መምህርቷ፣ የልጇን አንሶላ እያስተካከለች። የተስተካከለ አንሶላ ነበር።

ጆሮው ሲወጣ በሩ ላይ የተለጠፈውን የሆስፒታሉን ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ አነበበው።

አዋላጇን ማንም በቅጡ አልጠየቃቸውም። ሰብሳቢዋ በሁለት ሰዓት ከሞት በኋላ አሜን ብላለች ስለሚሉ፣ ሰፈሩ ጃጅተዋል፣ ምእመናኑ ደግሞ መንፈስ አናግሯቸዋል ብሎ ተከፍሏል። ሁለቱም ወገን ሻይ አላፈላላቸውም። ጆሮው ዓይናቸው የደከመውን አሮጊት ከነከዘራቸው ክንዳቸውን ይዞ ወደ ጸሎት ክፍሉ አመጣቸው።

«ሰምቻለሁ ልጄ። አንዴ ብቻ። ግማሹን ሕዝብ በእጄ ተቀብያለሁ፤ የሕያው ትንፋሽና የሙት ዝምታ አይጠፋኝም። አሁን ግን ሬሳ አሜን ካለኝ እንዴት ነው የምተኛው?»

«ደጅ ጫማዎን ሲያወልቁ ሌላ ጫማ ነበር?»

«ሁለት ጥንድ ነበር፤ የእኔ ሦስተኛ። በእግሬ ገፋ አድርጌ ነው ቦታ ያገኘሁት።»

«ሲወጡስ?»

አሮጊቷ በጣታቸው ቆጠሩ። «ከእኔ ሌላ አንድ ጥንድ። የእሷ ብቻ።» ቆየት ብለው ደግሞ፣ ከአሜኑ በኋላ ነፋስ ጉንጫቸውን ነክቷቸው እንዳለፈ፣ ያኔ የመጽናናት መንፈስ ነው ብለው እንዳመሰገኑ ነገሩት።

ጆሮው ተንበርክከው እንደ ዓርቡ እንዲጸልዩ ለመናቸው፤ እሱ ከመጋረጃው ኋላ፣ ከነጫጮቹ ልብሶች መሃል ገባ። አሮጊቷ ለአገር ጸለዩ፣ ለበሽተኞች ጸለዩ። «አሜን» አለ ጆሮው። አዋላጇ ደረታቸውን ያዙ።

«ልክ ከዚያ ነው። ከእሷ ዘንድ ነው የመጣው።»

«እኔ ነኝ እማማ። ሬሳ አይደለሁም፤ ደመወዜን ካላዩት በስተቀር። ዓርብ ዕለት ምን ሲሉ ነው የሰሙት?»

አሮጊቷ አሰቡ፤ ነገሩት። ሲነግሩት ፊታቸው ተለወጠ። ጆሮው ለማንም እንዳይናገሩ ጠይቆ ማስታወሻውን ዘጋ።

ሰኞ በስምንት ሰዓት ሴቶቹን በጸሎት ክፍሉ ሰበሰባቸው። ሻይ አፍዪዋን ከአንዲት ፖሊስ ጋር በሩ አጠገብ አስቀመጣት። ከመናገሩ በፊት አዋላጇ ዓርብ የጸለዩትን በዚያው ቅደም ተከተል እንዲጸልዩ፣ ሌሎቹም እንደ ወትሯቸው እንዲመልሱ ለመነ።

አዋላጇ ጀመሩ። ለልብስ ሰፊዋ ቤት ሰላም ለመኑ፤ አሜን አሉ። ለሻይ አፍዪዋ ለመኑ፤ አሜኑ ሳሳ። «ሆስፒታል ለተኛችው ለመምህርቷ ልጅ» አሉ አሮጊቷ፣ «ምሕረትን ላክላት፣ ለእናቷ መልስላት።»

አሜን አሉ ሴቶቹ፤ ሻይ አፍዪዋም ጭምር። መምህርቷ ከንፈሯን ነክሳ ወለሉን ታያለች።

«መምህርት» አለ ጆሮው፣ «ዓርብ ለዚህ ጸሎት አሜን ያሉት እርስዎ ብቻ ነበሩ። ዛሬ ሁሉም ሲል እርስዎ ብቻ ዝም አሉ።»

ከዚያ ሳይቸኩል ዘረዘረው። ሬሳ አሜን አይልም፤ ስለዚህ በሁለት ሰዓት ክፍሏ ውስጥ ከአዋላጇ ሌላ ሕያው ሰው ነበረ። ጫማውም ያንኑ ይላል፤ ሁለት ጥንድ ነበር፣ አንዱ በጸሎቱ መሃል ሄደ። የተጨፈነ ዓይን አያየውም፤ ነፋሱ ብቻ ይሰማል። ያ ሰው ሻይ አፍዪዋ አይደለችም፤ ዘበኛው ፊት ስኒ ታጥብ ነበር። ሟቿ ዓይኗ አያነብም ነበር፤ ስለዚህ ከሳጥኑ የሚወጣውን ወረቀት በስውር የሚያነብላት ሰው አለ። ልብስ ሰፊዋ የገዛ ምስጢሯን ገበያ አታወጣም፤ ሻይ አፍዪዋ ፊደል አልቆጠረችም፤ አዋላጇ ሰው እንኳ የሚለዩት በድምፅ ነው። ማን እንደሚያነብላት ከልጅ አፍ ሰማሁ አለ። ሆስፒታሉ ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ሐኪሞች ስለሚዞሩ አስታማሚ ያስወጣል፤ ማስታወቂያው በሩ ላይ አለ።

«ከመጋረጃው ኋላ ትንፋሽዎን ይዘው ሁሉን አሳለፉ። ለአገር ሲጸለይ ዝም አሉ። ልጅዎ ስትጠራ ግን የእናት አፍ ነው፤ ቀደመዎት።»

መምህርቷ ስትናገር ድምጿ እውነትም ያምር ነበር።

«የወረቀቱን ነገር ለአንዲት ሴት ብቻ ነው የነገርኩት። በጸሎት እንድታስባት ብዬ።» ልብስ ሰፊዋን አላየቻትም። «ዓርብ ቀደም ብዬ መጥቼ እትዬን ለመንኳት። በእህቶች ፊት አታቁሚኝ አልኳት። እጅጌዬን ያዘች፤ ነጠቅኳት። ወደ ኋላ ስትሄድ አግዳሚውን አላየችውም፤ ጠርዙ ላይ ወደቀች። የእማማ ከዘራ ደጅ ላይ ተሰማኝ። ወድቃ ካገኟት ይጮኻሉ፤ ተንበርክካ ካገኟት ማንም አይነካትም።»

«በአራት ሰዓት ተመልሰው መጥተው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አጠገቧ ምን ጸለዩ?»

«እንድትነሣ።»

ልብስ ሰፊዋ ልትናገር ተነሥታ ተመልሳ ተቀመጠች። ፖሊሷ ከሻይ አፍዪዋ አጠገብ ተነሥታ ወደ መምህርቷ ሄደች። መምህርቷ በሩ ላይ ስትደርስ ዘወር ብላ ማንንም ለይታ ሳትጠራ፣ ልጅቷ ብቻዋን ናት አለች።

አዋላጇ ወደ ምክትሏ፣ ምክትሏ ወደ ወለሉ አየች። ከዚያ ሦስት ቀን የታሰረችው ሻይ አፍዪ ሻርፗን አስተካክላ ወጣች።

ሆስፒታል ስትደርስ ልጅቷን እንቅልፍ አልወሰዳትም ነበር። ሻይ አፍዪዋ ትራሷን ከፍ አደረገችላት፣ ውሃ ሰጠቻት፣ ከአልጋው ጎን ተቀመጠች። በማረፊያ ቤት ሦስት ቀን ሙሉ ያልተጠየቀችው ጥያቄ አልነበረም፤ ሁሉንም መልሳለች።

«እማዬስ?» አለች ልጅቷ።